ያላየሁት መንገድ

የምኖረው በሰው ሲቪ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብላ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ጠዋት ከከፈትኩ እስክዘጋ ድረስ የተመራቂ ልጆችን የሥራ ማመልከቻ እተይባለሁ። አንዱ ይመጣና የሥራ ልምድ የሚለው ላይ ምን ይግባ ይለኛል። ባዶ ተወው እለዋለሁ። ባዶ ከሚሆን አንድ ነገር ብንጨምርበትስ ይላል። የዚህን ጊዜ ነገሬ ይበላሻል። ያላደረግኸውን አልጽፍም፣ ሌላ ቤት ሂድ ብዬ ያባረርኳቸው ደንበኞች ጥቂት አይደሉም። ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ በዚህ ምላስሽ እንኳን ባል ደንበኛም አታገኚም ይለኛል። ይበል። የማውቀውን እኔ አውቃለሁ።

እኔም ከዚሁ ግቢ ነው የተመረቅሁት፣ በማኔጅመንት። ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ እኔ ደግሞ ከሥሩ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ያነበብኩትን ያህል ለፈተና አንብቤ ቢሆን ኖሮ የት በደረስኩ። አባቴ ምንም አይልም፤ ምንም አለማለቱ ነበር የሚያቃጥለኝ። አክስቴ ግን በመጣች ቁጥር «አሁንም ቁጭ?» ትላለች። ሰው ሥራ ሲያጣ የሚያጣው ደመወዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምን ትላለህ ብሎ የሚጠይቀው ሰውም ያጣል።

በዚያን ጊዜ በዲላ ከተማ የእኔን ቃል ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ያለች፣ ዝናብ ሲመጣ እርስ በርስ የማታሰማማ የቆርቆሮ ክፍል። የወጣቶች ጸሎት ቡድን እዚያ ይሰበሰባል። ስምንት ነበርን፤ መሪያችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፣ ለስላሳ ሰው፣ ክፉ ነገር ከአፋቸው አይወጣም።

አንድ ሕግ ነበረን። ጸሎት የሚፈልግ ሰው ጉዳዩን አይናገርም። መጥቶ «ጉዳይ አለኝ» ብቻ ይላል። ምንነቱን ካወቅን የሥጋ አሳባችን ይገባበታል ተብሎ ነው። እኛ ሦስት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ በሦስተኛው ቀን ክብ ሠርተን እንቀመጥና እያንዳንዳችን የመጣልንን እንናገራለን። ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ አውቃለሁ ብሎ ከክቡ ይወጣል። ሕጉ በአሳብ ደረጃ መልካም ነበር። ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ጊዜ ለአንዲት ሴት የተዘጋ መስኮት ይታየኛል ብዬ ነበር። የእውነት ታይቶኝ ይሁን የታየኝ መስሎኝ ዛሬ መለየት አልችልም። ሴትየዋ ግን ድምጿን አውጥታ አለቀሰች፤ ለካ ልጇ ክፍሉን ዘግቶ ከሰው መነጋገር ካቆመ ወራት ሆኖታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ «የምታየዋ» ሆንኩ። ዙሩ ወደኔ ሲደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እቤቴ «አሁንም ቁጭ?» የምባለዋ ሴት እዚያ ስደርስ ወንበር ይለቀቅልኛል። ወደድኩት። ምን ልዋሽ፣ በጣም ወደድኩት።

የጎረቤቴ ልጅ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። በአንድ አጥር ተለያይተን ነው ያደግነው፣ አብረን ዘምረናል፣ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ እሱም እንደኔ ተቀምጧል። አባቱ ገና በልጅነቱ ነው የሞቱት። እናቱን እማማ ነው የምላቸው። ቡና መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለው መጥፎውን ፍሬ ከደህናው እየለቀሙ እሱንና ታናሽ እህቱን አሳደጉ። ጠዋት ወደ መጋዘን ከመሄዳቸው በፊት ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ጮክ ብለው በጌዴኦኛ ይጸልያሉ። እኔ ከአልጋዬ የምነሳው በሳቸው ድምፅ ነበር። የኔም ስም በየቀኑ ይጠራ ነበር።

የመጋዘኑ ባለቤት፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ፣ ኮቸሬ ወረዳ ውስጥ ሬኮ በሚባል ቦታ የቡና ማጠቢያ ሳይት አላቸው። በዚያ ዓመት ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር እማማን ጠርተው ልጅሽን ላኪልኝ አሏቸው። የሚገባውን እሸት ቡና ይቆጣጠር፣ ጨዋ ሆኖ ካገኘሁት ወቅቱ ሲያልቅም አላሰናብተውም አሉ። እማማ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ልጁ ግን ዝም አለ። እኔ ለምን ዝም እንዳለ አውቅ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲያወሩ ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ሰውየው በሞያሌ በኩል ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚልክ ደላላ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

እና በሳምንቱ ልጁ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ገብቶ «ጉዳይ አለኝ» አለ። እኔን አላየኝም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ እጄን አውጥቼ አውቀዋለሁ፣ ልውጣ ማለት ነበረብኝ። ሕጉ ይኸው ነው። አላወጣሁም። ለምን ብትሉኝ፣ በዚያ ሳምንት ሌላ የሚጠብቀኝ ነገር ስላልነበረ ነው።

ሦስት ቀን ጾምኩ። ምንም አልመጣልኝም። ረሃብ መጣልኝ፣ ራስ ምታት መጣልኝ፣ ጌታ ግን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። የመጀመሪያዋ ልጅ ግልጽ ያለ ነገር የለኝም አለች። ሁለተኛውም እንደዚያው። መሪያችንም ሸክም ብቻ ይሰማኛል አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረ። ልጁም ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ልመና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«ረጅም አስፋልት ይታየኛል» አልኩ። «ግራና ቀኙ ቀይ አፈር ነው። መጨረሻው ላይ ብርሃን አለ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ። አሜን የሚለው ድምፅ ቆርቆሮውን ነቀነቀው። ከኔ ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ ወዲያው ሻንጣ አየሁ አለ። ቀጥላ ያለችው አውሮፕላን ጨመረችበት። ግልጽ ነገር የለኝም ያለችውም ተመልሳ አሁን ሰላም ተሰማኝ አለች። ስምንት የተማሩ ሰዎች ነበርን እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ሰባታችን ዲግሪ ያለን። ወዴት ነው የምትሄደው፣ ከማን ጋር ነው የምትሄደው፣ እናትህ ምን አለች ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። መጠየቅ አለማመን ነበር የሚመስለን። አንዲት ያልተማረች እናት ልጇን ገበያ ስትልክ የምትጠይቀውን ያህል እንኳ አልጠየቅነውም።

እማማ ልጁ ሲነግራቸው መጀመሪያ አይሆንም ብለው ነበር አሉ። ከዚያ እኔ ምን እንዳየሁ ነገራቸው። ጌታ ካለ እኔ ማን ነኝ አሉና ሐጂ ዘንድ ሄደው ልጄ አይመጣም ብለው ተመለሱ። የሬኮው ቦታ በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ተሰጠ። መናኸሪያው ድረስ አብሬ ሸኘሁት። እማማ ቆሎ በፌስታል ቋጥረው ሰጡትና መኪናው ሲንቀሳቀስ እጄን ያዙ። ሲይዙኝ አጥብቀው ነበር።

ከሞያሌ ደወለ። ከናይሮቢም አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲያ የለም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አምስት ወር። በየእሑዱ ከአምልኮ ስንወጣ እማማ መጥተው እጄን ይይዛሉ። መጨረሻው ብርሃን ነበር አይደል ያልሽው ይሉኛል። አዎ እማማ እላለሁ። ምን ዓይነት ብርሃን ነው ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ቀጣፊ ደግሞ እንደ ማለዳ ብርሃን ነው እላቸዋለሁ። አንድ ውሸት ብቻ የተናገርኩ ይመስላችኋል? በየሳምንቱ አዲስ ነበር የምጋግረው፣ በትኩሱ። እሳቸውም ያንን በልተው ሳምንቱን ይሰነብታሉ። ጠዋት በአጥሩ በኩል ጸሎታቸውን ስሰማ የኔን «ማለዳ» ለጌታ መልሰው ሲነግሩት እሰማ ነበር። አንሶላውን ጆሮዬ ላይ እጠቀልላለሁ።

በስድስተኛው ወር ታንዛኒያ እስር ቤት መሆኑ ተሰማ። ሳይደግስ አይጣላም አሉ እማማ፤ በሕይወት አለልኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከሌሎች ተመላሾች ጋር በአውሮፕላን መጣ። አውሮፕላኑ ይኸውላችሁ፣ ያቺ ልጅ አይታው ነበር። አሜን ያልን ሰዎች እርስ በርስ ተያየን፤ ትንቢቱ ተፈጸመ ያለም አለ። ወይ ጉድ። ልጁ ከስቷል፣ ያስለዋል፣ በር ሲዘጋ አይወድም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን በመጣበት እሑድ ምስክርነት እንዲሰጥ መድረክ ላይ አወጡት። ማይኩን ተቀበለ። አመሰግናለሁ ብቻ ብሎ ወረደ። እማማ እልል አሉ።

ያን ቀን ከአምልኮ በኋላ ባጃጅ የምንጠብቅበት ቦታ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ያየሽው መንገድ ምን ይመስል ነበር አለኝ። በቁጣ አይደለም የጠየቀኝ፤ በቁጣ ቢሆን በተሻለ። ምንም አላየሁም አልኩት። ከደላላው ጋር አይቼህ ነበር፣ ልትሰማ የምትፈልገውን አውቅ ነበር፣ እሱን ነው የነገርኩህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጠርጥሮ እንደነበር ነገረኝ፤ ግን እናቱን የሚያሳምንበት አጥቶ ነበርና እኔ ስሰጠው አልመረመረውም። ከዚያ ባጃጁ መጣና አንድ እግሩን አስገብቶ ዞር አለ።

«ለእናቴ ግን እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ሁለት ዓመት የኖረችው በሱ ነው።»

እሺ አልኩ። እፎይ ማለቴ ነው የሚያሳፍረኝ። ይቅርታው ቀሎኝ ነበር፤ እሱ ከዋጠው እኔ ምን አገባኝ ብዬ። ከጸሎት ቡድኑ ግን ያኔ መውጣት ሲገባኝ አልወጣሁም። ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር፣ ዙሩ ሲደርሰኝ የለኝም እላለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቷንም በዚያው ሰሞን ከፈትኩ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ቀይ ቡና ሲደርስ፣ ያቺ ታናሽ እህቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና የማለፊያውን ነጥብ ሳታመጣ እቤት ቀርታ ነበር። ማለፍ ያልቻለችው ብቻዋን አይደለችም፤ የክፍሏ ልጆች ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሐጂ ውለታ የማይረሱ ሰው ናቸውና እማማን እንደገና ጠሯቸው። ልጅቷን ላኪያት አሉ፤ ሬኮ የቡናውን ጥራት የምትመዘግብ አስተማማኝ ልጅ እፈልጋለሁ፣ ሥራውን እናስተምራታለን፣ የምታድርበት ክፍል ከሌሎች ሴቶች ጋር አለ፣ ሰኞ ትጀምር። ልጅቷ ያን ቀን ልብሷን አጠበች። እማማ ግን አንድ ልጅ በመንገድ አጥተው ያገኙ ሰው ናቸው፤ ፈሩ። ለማንም ሳይናገሩ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል መጥተው «ጉዳይ አለኝ» አሉ። ወደኔ ዞረውም አንቺ እዪልኝ አሉኝ።

ጉዳዩ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። አባቴ ይሙት አላወቅሁም። ሦስት ቀን ጾምኩ፣ ምንም አልመጣም፣ ዓርብ ዕለት ዙሩ ሲደርሰኝ ምንም አላየሁም አልኩ። እውነት ነው የተናገርኩት። ከብዙ ዓመት በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ በሙሉ ልቤ የተናገርኩት እውነት ይሄ ነበር፣ ኮርቼበትም ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሱቄ መጣች። ወረፋ የያዙ ተማሪዎች ነበሩ፤ ገፍታቸው ገባች። እናቷ ጌታ በሩን ዘጋው ብለው ሬኮ እንደማትሄድ ነግረዋታል። የምታየዋ ካላየች ጌታ አልፈቀደም ብለው። ሐጂ ዘንድም ሊሄዱ ነው።

እኔ ምንም አላየሁም አልኩ እንጂ አትሂድ አላልኩም ብዬ ልመልስ አፌን ከፈትኩ። አላስጨረሰችኝም።

«ለወንድሜ ዋሽተሽ ለእኔ እውነት ታወሪያለሽ?» አለችኝ። «ለሱ አስፋልት ካየሽ ለእኔ ሬኮ ድረስ ያለውን ኮረኮንች ማየት አቅቶሽ ነው?»

ወንድሟ ነግሯታል ማለት ነው። ተማሪዎቹ ስልካቸውን መነካካት ትተው አዩኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አንድ የምትናገረው ቃል ግን ስህተት የለበትም። ቀላሉን መንገድ አሰብኩት። እማማ ዘንድ ሄጄ ትናንት ማታ ታየኝ፣ ሬኮ ብርሃን ነው ብላቸው ልጅቷ ሰኞ ትሄዳለች፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚፈጀው። ይሄን ሳስብ ራሴን የሰፈራችን ጭቃ ውስጥ ልደፍቀው ደረስኩ። ሱቁን ዘጋሁት። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፣ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

እማማ ገና ከመጋዘን መመለሳቸው ነበር። ዋሳ አቀረቡልኝ፤ ከእንሰት የጋገሩት ትኩስ ነው። አልበላም ስል ጾም ነሽ አሉኝ። ጾም አይደለሁም እማማ፣ የምነግርዎ አለኝ አልኩ። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻይ ቤቱን፣ ደላላውን፣ ሦስቱን ቀን፣ ረሃቡን። ያ አስፋልት በጸሎት የታየኝ አይደለም፣ ከደጃችን የሚያልፈው የሞያሌ መንገድ ነው፣ ሁላችንም በየቀኑ የምናየው ነው አልኳቸው። ብርሃኑንም፣ ማለዳውንም፣ በየእሑዱ የጨመርኩትን ሁሉ እኔ ነኝ የፈጠርኩት አልኳቸው። ዓርብ ዕለት ደግሞ ምንም አላየሁም ያልኩት ምንም ስላላየሁ ብቻ ነው፤ ጌታ በር መዝጋቱን አልነገረኝም፣ መክፈቱንም አልነገረኝም። ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትሄድ ሐጂን ይጠይቁ፣ የምታድርበትን ክፍል ሄደው ይዩት፣ ከዚያ እንደ እናት ይወስኑ አልኩ።

 ነጠላቸው ላይ የቀረ የቡና ገለባ ነበር፤ አንድ በአንድ እየለቀሙ መሬት ላይ ያስቀምጡት ጀመር። እጃቸው ከዚህ ሌላ ሥራ የሚያውቅ አይመስልም። ለቅመው ሲጨርሱ ቀና አሉና በጌዴኦኛ፣ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚጠይቁ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ልጄን የላከው ማነው?»

መልስ ሞልቶኝ ነበር። ደላላው አለ፣ ሥራ የሌለበት አገር አለ፣ አሜን ያሉት ሰባቱ አሉ፣ ልጁም ራሱ አለ። እነዚህን ሁሉ ለሌላ ሰው በደንብ አድርጌ ማስረዳት እችላለሁ። እሳቸው ፊት ተቀምጬ ግን የመጣልኝ አንድ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

 ከዚያ ተነሥተው ልጅቷን ጠሯትና ልብስሽን አዘጋጂ አሏት። እኔን ሂጂም ቆዪም አላሉኝም። ዋሳው ፊቴ እንደቀረበ ጥዬው ወጣሁ።

ሰኞ ልጅቷ ሬኮ ሄደች። ሻንጣዋን ተሸክሞ ያደረሳት ወንድሟ ነው። ሐጂ እዚያው ነበሩ፤ በደንብ ሰላም ብለውታል፣ የደረሰብህን ሰምቻለሁ ብለው አጽናንተውታል፣ የድሮው ቦታ ግን ሰው ይዞታል። ያው ያኔ በሱ ፈንታ የገባው ልጅ ነው፣ አሁን ሁለት ልጆች ወልዷል። ይሄን የነገረኝ ወንድሟ ራሱ ነው፣ ለእናቴ አትንገሪ ብዬሽ ነበር ሲል በዚያው አያይዞ። 

ከቡድኑ ወጥቻለሁ። ቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ አሁንም ጉዳይ አለኝ የሚሉ አሉ፣ የሚያዩም አልጠፉም። አንዳንድ ተማሪ ሲቪ ሊያስጽፍ መጥቶ ስሜን ሰምቶ ጸልዪልኝ ሲለኝ፣ መጀመሪያ ወዴት ነው የምትሄደው፣ ከማን ጋር ነው እለዋለሁ። የሚናደድ አለ። ይናደድ። ጌታ ዝም ሲል እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ይቺን ለመማር የሰው ልጅ ነው የከፈልኩት።

እማማ እሑድ እሑድ ይመጣሉ፣ ከኔ ሦስት ወንበር ፊት ይቀመጣሉ። እጄን አይዙም፤ አልፈርድባቸውም። እኔ አሁንም እዚያው አጥር ጥግ ነው የምተኛው፣ አሁንም በዚያችው ሰዓት እነቃለሁ። የጸሎታቸውን ድምፅ እጠብቃለሁ። የምሰማው የግቢያቸው በር ሲከፈትና ወደ መጋዘን ሲወጡ ብቻ ነው።